ኢሳኦ ነጥብ ሲሰጥ

ባሌ ኢሳኦ ለድንች ሰላጣ ስምንት ሰጠ። ከአሥር ስምንት። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ሱፐርማርኬት በላስቲክ ሳህን ታሽጎ ለመጣ፣ ማን ልጦ ማን እንደቀቀለው ለማይታወቅ ድንች። እኔ አርባ ዓመት ሳበላው ኖሬ ግማሽ ነጥብ እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም። ያን ማታ አንጀቴ ቅጥል አለ። የመብያ እንጨቶቼን አስቀምጬ አየሁት። እሱ ምኑም አልገባውም፤ የቀረውን ድንች ጠራርጎ በላ።

ነጥብ መስጠት የጀመረው በእጄ ሰበብ ነው። ጥር ላይ ደጃፋችን ላይ በረዶ አንሸራቶኝ ቀኝ እጄ ከአንጓው ተሰበረና በጀሶ ታሰረ። ኢሳኦ ደግሞ ወጥ ቤት የሚገባው ቢራ ሊያወጣ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሻይ ላፍላ ብሎ ማንቆርቆሪያውን ያለ ውኃ ጥዶ አቅልጦታል። ሩዙንስ ማብሰያው ራሱ ያበስለዋል፤ ለማባያው ግን ምን ይሁን? ልጃችን ናኦኮ ከናጎያ ደውላ፣ "እማዬ፣ ተሠርቶ የሚሸጠውን ግዙ። ዛሬ ዛሬ ማን ቤቱ ይሠራል?" አለችኝ። እኔ እሠራለሁ ልላት ፈልጌ ጀሶዬን አየሁና ተውኩት።

የመጀመሪያው ማታ ሦስት ሳህን ደርድረን ተቀመጥን። ኢሳኦ አንድ የተጠበሰ ዶሮ ጎረሰ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ አላመጠና "ስድስት" አለ።

"ምኑ ነው ስድስት?"

"ከአሥር። ለዘይቱ ሁለት ቀንሻለሁ። ክዳኑ ውስጥ አልቦት ቆዳው ስለረጠበ አንድ።"

"ያ ሰባት ነው።"

"ያቺን አረንጓዴ ቅጠል አየሻት?" በእንጨቱ ጫፍ ዶሮው ሥር የተሰካችውን ጌጥ ብድግ አደረጋት። "ላስቲክ ናት። ቅጠል መስላ። ማታለል ይቀነስበታል።"

ይሄ ሰው ከየት እንዳመጣው ወዲያው ገባኝ። ኢሳኦ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመኪና መንጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ከተለማማጁ ጎን ተቀምጦ፣ እግሩን ለአስተማሪ በተሠራችው ፍሬን ላይ አንጠልጥሎ፣ የከተማችንን ግማሽ ሕዝብ መኪና ያስነዳ ሰው ነው። በእሱ ዓለም ሰው ሁሉ ሙሉ ነጥብ ይዞ ይነሣና በየጥፋቱ ይቀነስበታል። መስታወት ሳያይ ወጣ፣ ተቀነሰ። መስመር ረገጠ፣ ተቀነሰ። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚቀንስበት ነገር አጥቶ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ከርሞ፣ የታሸገ ምግብ ሲያገኝ ሥራው የተመለሰለት መሰለው።

ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አርባ ዓመት አብረን በላን እንጂ ማዕድ ላይ አላወራንም፤ የሚያወራልን ቴሌቪዥኑ ነበር። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ተያይዘን እንወጣለን። አንድ ቀን የጣቢያው ሱቅ፣ ሌላ ቀን ድልድይ ማዶ ያለው። እሱ ቅርጫቱን ይይዛል፣ እኔ በግራ እጄ እየጠቆምኩ እመርጣለሁ። ማታ እኩል እንካፈልና እንከራከራለን። ዓሣው ድልድይ ማዶ ይሻላል፣ ጥብሱ የጣቢያው። የድልድይ ማዶው ሚሶ ሾርባ ጨው ይበዛዋል። የጣቢያው ቡናማ ስጎ ሁሉም ምግብ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ጊዜ በበርሜል ሠርተው ዓመቱን ሙሉ የሚቀዱት ይመስላል። በመጨረሻ ጣፋጭ እንቀምሳለን፤ ባቄላ የተሞላ ሞቺ የምንለው የሩዝ ሊጥ፣ ክሬም ያለው ኬክ፣ ወቅቱ ያመጣውን ሁሉ። እኔ ለጣፋጭ ዘጠኝ ነው የምሰጠው፣ ሁልጊዜ።

"አንቺ ፈታኝ ብትሆኚ ኖሮ ሁሉን እያሳለፍሽ እዚህ ከተማ መንገድ ላይ ሰው አይተርፍም ነበር" ይለኛል።

"አንተ አስተማሪ ሆነህስ ስንቱ በእግሩ ቀረ?" እለዋለሁ።

እንዲህ ስንቀላለድ ነው እንግዲህ ስምንቱ የመጣው። የመጀመሪያው ስምንት ነበር። ለዓሣም ለዶሮም ያልሰጠውን ለድንች ሰጠ።

"የእኔስ?" አልኩት።

"የአንቺ ምን?"

"የእኔ ድንች ሰላጣ። ፖም የምከትበት። እሱ ከአሥር ስንት ነበር?"

"እሱማ የቤት ነው" አለና ድምፁን ጨመረው። የቴሌቪዥኑን ማለቴ ነው።

ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ባሌ ከነሱ ዋናው ነው። በእኛ አገር በእሱ ዕድሜ ያለ ወንድ ሚስቱን ካመሰገነ ጤንነቱ ይጠረጠራል። እንግዳ ሲመጣማ "የኔዋ ሙያ የላትም፣ ያገኘችውን ነው የምታቀርበው" ማለት ጨዋነት ነው። ይሄን እያወቅሁ ነው ያገባሁት፤ ዝምታውንም ችዬው ኖሬያለሁ። ሰውዬው አፍ የለውም ብዬ ነበር የቻልኩት። አፍ እንዳለው ያሳየኝ የሱቅ ድንች ነው። ለካ ሲፈልግ ስለ ዘይት፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ላስቲክ ቅጠል ሲያወራ ያመሻል። እኔ ላይ ነው የሚዘጋው። ይሄ ከንክኖኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

ልቤን ሙሉ በሙሉ እንዳላጨክንበት የሚያደርገኝ አንድ ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሴይጂ ካቻምና አረጋውያን መኖሪያ ገብቷል። የመርሳት ሕመሙ ሲጀምረው ድሮ የቀረ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። "አሁን ይመጣል፣ ትናንትም ተሳፍሬበታለሁ" ይል ነበር ሰው ሲጠይቀው። ከዚያ ወዲህ ኢሳኦ የአንድ ሰው ስም ሲጠፋው ፊቱ ይለወጣል። ስሙ እስኪመጣለት ሥራ አይሠራም፣ ምግብ አይበላም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ጀሶው ተፈታ። ሐኪሙ "ትንሽ ትንሽ ያሠሩት፤ ቀለል ያለ ነገር መሥራት ይችላሉ" አለኝ። ለኢሳኦ ግን "መሥራት ገና ነው ተብያለሁ" አልኩት። ሆን ብዬ ነው። ሐኪም ቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አስቤ ነበር። ሳያውቅ የእኔን ምግብ አቀምሰዋለሁ። ሳያውቅ ነጥብ ይሰጠኛል። ከሱቁ ድንች በታች ከሰጠኝ ድስቶቼን ለናኦኮ ልኬ፣ ወጥ ቤቴን ዘግቼ፣ እስክሞት ከላስቲክ ሳህን እበላለሁ። ይሄ የንዴት ወሬ አልነበረም። አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ ዋጋ ነበረው ወይስ አልነበረውም? ማወቅ ፈለግሁ።

ቅዳሜ ኢሳኦ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ጠብቄ ኒሺሜ ሠራሁ። የሎተስ ሥር፣ ካሮት፣ ጎደሬ፣ እንጉዳይና ዶሮ አብረው በሶያ ሶስ ቀስ ብለው የሚበስሉበት ነው። የማይሠራው ቤት የለም፤ አንዱ ቤት የሚሠራው ግን ከሌላው አይመሳሰልም። እኔ ሥራሥሩን መጀመሪያ በሰሊጥ ዘይት አገላብጠዋለሁ። ካሮቱን በፕለም አበባ ቅርጽ እቆርጠዋለሁ፤ ሰው ይሄን የሚያደርገው ለአዲስ ዓመት ነው፣ እኔ ግን ማክሰኞም ቢሆን አደርገዋለሁ። ሲወጣ ዩዙ የምንለውን የሎሚ ዓይነት ልጣጩን እንደ ክር አቅጥኜ ጣል አደርግበታለሁ። ያን ቀን ቢላው እምቢ አለኝ። እጄ መጫን አቅቶት የሎተስ ሥሩ እንደ ብስኩት ወፍሮ ወጣ፣ የካሮቱ አበባ ደግሞ አንካሳ ሆነ። ሽታው ግን የቤቴ ሽታ ነበር። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ። ናፍቆኝ ነበር።

ከዚያ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ቤቱን አናፈስኩ። በእኛ ከተማ የላስቲክ ሳህን አይጣልም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሱቁ በር ላይ ባለው ሳጥን ይመለሳል። ስለዚህ የታጠበ ሳህን መታጠቢያው አጠገብ ሁልጊዜ ተቆልሏል። አንዱን መርጬ ሞላሁት፣ አቀዘቀዝኩት፣ ክዳኑን ገጠምኩና በማጣበቂያ አሰርኩት። ነገሩ እንዲሟላ አንዲት የላስቲክ ቅጠል ጎኑ ላይ ሰካሁበት። ድስቱን አጥቤ ቦታው መለስኩ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ማታ ሳህኑን ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት።

"ይሄ ደግሞ?" አለ።

"አዲስ ነው። ጠዋት ብቅ ብዬ ከጣቢያው አመጣሁት።"

አንድ የሎተስ ሥር አንሥቶ ጎረሰ። አንድ ጊዜ አላመጠ። ከዚያ መንጋጋው ቆመ። ሳህኑን አየ እንጂ እኔን አላየም። እንደገና ማላመጥ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ። ጎደሬውን አነሣ። ካሮቱን አነሣ፣ አገላብጦ አየውና በላው። ዩዙዋን በእንጨቱ ጫፍ ለቀማት። እኩል መካፈል ደንባችን ነበር፤ ያን ማታ ደንቡን ረሳው። አንድም አላስተረፈልኝም። ጥግ ላይ የቀረችውን ፈሳሽ ሳህኑን ዘንበል አድርጎ ጠጣት።

"ስንት?" አልኩት።

"ነገ እነግርሻለሁ።"

"ነገ?"

"ጊዜ የሚፈልግ ፈተና አለ" አለና ተነሣ። ሳህኑን ራሱ አጠበው። ይሄን አድርጎ አያውቅም።

ጠዋት ስነቃ የክት ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። እጁ ላይ የገበያ ቦርሳው አለ።

"ወዴት ነው?"

"እግሬን ላፍታታ።"

"በቦርሳ?"

"ዝናብ ቢመጣ።"

"ዝናብ በቦርሳ ይያዛል እንዴ?" ስለው በሩ ተዘግቶ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ነው የገባኝ። ሱቁ ያልሠራውን ምግብ ሊገዛ መሄዱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ነገሩን ሁሉ አስቤ ይሄን አላሰብኩም፤ ምክንያቱም ይሄ ሰው በትዳራችን ዘመን ብቻውን ሱቅ ገብቶ ምግብ ጠይቆ አያውቅም። አፋር ነው። ሻጭ ፊት ቀርቦ ከመጠየቅ ሳይበላ ቢያድር ይመርጣል። የጓሮ ጫማዬን እንዳደረግሁ ወጥቼ ተከተልኩት።

የጣቢያው ሱቅ ስደርስ የተሠራ ምግብ የሚሸጥበት ጥግ ጋ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ኦጊሶ የምትባለው ሠራተኛ ነበረች። ነጭ ቆብ ያደረገች፣ ሁልጊዜ "ዛሬ ጥብሱ ገና ትኩስ ነው" የምትለን ደግ ሴት ናት። እኔ ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ የተደረደረበት መደርደሪያ ጀርባ ቆምኩ። ጠርቼው መመለስ እችል ነበር። ምን እንደሚል መስማት ስለፈለግሁ አልጠራሁትም።

"ይቅርታ እመቤት" አለና ጎንበስ አለ። "ትናንት የሸጣችሁት ኒሺሜ ዛሬም አለ?"

"ኒሺሜ?" አለች ኦጊሶ። "ጋሼ፣ እሱን ለአዲስ ዓመት ብቻ እኮ ነው የምንሠራው።"

"ትናንት ነበር። ባለቤቴ ገዝታ መጣች።"

"ትናንት እኔው ነበርኩ። አልሠራንም።"

"ካሮቱ በአበባ የተቆረጠ ነው" አለ ኢሳኦ። ተለማማጅ ላይ የሚጠቀምበትን ረጋ ያለ ድምፁን አወጣ። "ሥራሥሩ ሶያ ሶስ ሳይነካው በፊት በሰሊጥ ዘይት ይገላበጣል። ላዩ ላይ የዩዙ ልጣጭ አለ፤ እንደ ክር የቀጠነ። ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ጣፋጩን ካሮቱ ነው የሚያመጣው።"

መደርደሪያውን ያዝኩት። ስለ ሰሊጥ ዘይቱ ነግሬው አላውቅም። ስለ ስኳሩም።

"እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው" ቀጠለ። "ባለቤቴ ናት። ሌላ ቦታ ስበላ ኖሬያለሁ፣ ሠርግ ላይም፣ ሆቴልም። እንደሷ የሚሠራ አላገኘሁም። ትናንት ስበላው እዚህ ውስጥ አንድ እንደሷ ያለ እጅ አለ ብዬ ነው የመጣሁት። ማን እንደሆነች ንገሪኝና ላመስግናት።"

ኦጊሶ ሳቅ አለች። "ታዲያ ጋሼ፣ ባለቤትዎን ሥሪልኝ አይሏትም?"

"እጇ ተሰብሯል። አማረኝ ብላት ያኔውኑ ተነሥታ ቢላ ትይዛለች። አውቃታለሁ፤ ጀሶው ቢኖር እንኳ በጥርሷ ትፈታው ነበር። ስለዚህ የእናንተን ሁሉ እያመሰገንኩ እበላለሁ፣ የጎደለብኝ ነገር እንዳይመስላት። ለድንች ሰላጣችሁ ስምንት ሰጥቻለሁ።"

"እናመሰግናለን።"

"አራት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እኔ ቶፉው ጋ ቆሜ እየሳቅሁ ይሁን እየተንሰቀሰቅሁ አላውቅም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። የምፈልገውን ሰምቻለሁ፤ ቀስ ብዬ ወጥቼ ቀድሜው ቤት መግባት ነበረብኝ። ግን የኦጊሶ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ጎንበስ ብላ፣ ለሕፃን በሚወራበት ድምፅ ማውራት ጀመረች።

"ጋሼ፣ ብቻዎን ነው የመጡት? ቤትዎ ሩቅ ነው? የሚወስድዎ ሰው ልደውልልዎ?"

የኢሳኦ ፊት ስም ሲጠፋው የሚሆነውን ሆነ። ሴይጂን እንዳሰበ አወቅሁ፤ ያንን ፌርማታ፣ ያንን "ትናንትም ተሳፍሬበታለሁ" የሚለውን። እጁን ዘርግቶ የምግብ ማሳያውን መስታወት ጠርዝ ያዘ።

"ካሮቱ አበባ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ነበር መሰለኝ።"

"ነበር" አልኩ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቼ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ፤ ቅርጫት የያዘ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "አበባ ነበር፤ አንካሳ አበባ። አልተሳሳትክም፣ አባቱ። እኔ ነኝ የሠራሁት። በሱቁ ሳህን አድርጌ እኔው ነኝ ያቀረብኩልህ።" ከዚያ ለኦጊሶ ጎንበስ አልኩ። "ስላስቸገርንሽ ይቅርታ። የሱ ጭንቅላት ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።"

አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለነጥብ ብዬ ባሌ ራሱን እንዲጠራጠር አደረግሁት፤ እዚያው መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ኢሳኦ መስታወቱን ለቅቆ መጣ። ሰው እያየ እጄን ያዘ። ሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም፤ ሠርጋችን ዕለትም አልያዘኝም። አንጓዬን አገላብጦ አየው።

"ያምሻል?"

"ትንሽ።"

"ለዚህ ነዋ የሎተስ ሥሩ የወፈረው" አለ።

ኦጊሶ ቆቧን አስተካከለች። እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ግን ሥራዋን አልረሳችም። "ጋሼ፣ እንግዲህ ድንች ሰላጣችን አራት ነው ብዬ ልያዘው?"

"ፖም ቢገባበት አምስት።"

አንድ ደህና የሎተስ ሥር ገዝተን ወጣን። ቦርሳውን እሱ ያዘ። ቀጥታ ወደ ቤት በመሄድ ፈንታ በድልድዩ በኩል ዞርን።

"ፈርተህ ነበር?" አልኩት።

"ትንሽ።"

"ይቅር በለኝ።"

ትንሽ ተራመድን። "ዘጠኝ" አለ።

"ምኑ?"

"የትናንቱ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬሽ አልነበር?"

"አንዱስ የት ሄደ? ስለወፈረ ነው?"

"መወፈሩ አይቀነስም፣ እጅሽ ነው። ማታለል ግን ይቀነስበታል፤ ደንብ ነው። ቅጠልም ሰክተሻል።"

ድልድዩ መሃል ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ሳቄ ሲያበቃ ግን ንዴቴ እዚያው ነበር። አርባ ዓመት በአንድ ጠዋት አይሰረዝም።

"ለማታውቃት ሴት እንዲያ ስትናገር ሰምቼሃለሁ" አልኩት። "ለእኔ አንድ ቀን ጣፈጠ ብትለኝ ምን ነበረበት? ለምንድን ነው ለእኔ ነጥብ የሌለህ?"

ከልቡ ግራ ገብቶት አየኝ። "መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ይፈተናል እንዴ?" አለ።

ይሄኔ ገባኝ። በእሱ ቤት እኔ ድሮ አልፌያለሁ። ያገባኝ ሰሞን በበላው የመጀመሪያ እራት አልፌ፣ ፈቃዴን ተቀብዬ፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ከጎኗ ተቀምጠህ ጥፋቷን የምትነግራት ገና ያላለፈችውን ነው። ደስ አለኝ፣ ደግሞም አልበቃኝም።

"ፈቃድም በየጊዜው ይታደሳል፣ አባቱ" አልኩት።

እስከ ቤት ድረስ ሲያስብበት ሄደ።

ኒሺሜውን እንደገና ሠራን። ቢላውን እሱ ያዘ፤ እኔ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። "ጣትህን ሰብስብ። ወደ ውስጥ። ቀስ፣ ቀስ በል" እላለሁ። ቢላው ወደ አውራ ጣቱ በተጠጋ ቁጥር እግሬ ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን ፍለጋ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። የሎተስ ሥሩ አንዱ እንደ ወረቀት፣ አንዱ እንደ ጡብ ሆነ።

"ስንት?" አለኝ ላቡን እየጠረገ።

"ሦስት።"

"ሦስት ብቻ?"

"የመቁረጫ እንጨቱ ላይ ለፈሰሰው ደም ቀንሻለሁ።"

ማጣፈጡን እኔ ሠራሁት። በድሮው ሰማያዊ ሳህናችን፣ ትኩሱን፣ መሃላችን አስቀመጥኩት። ኢሳኦ አንድ ቁራሽ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። እንደ ልማዱ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚዞር መስሎኝ ሩዜን አነሣሁ። አልዞረም። ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ቀጥ ብሎ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ሱቁ ውስጥ እንዳደረገው ጎንበስ አለ።

"ይቅርታ እመቤት" አለኝ። "ይሄን የሠራችውን ሴት ያውቋታል?"

ሊስቅብኝ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም። ለማያውቃት ሴት መናገር ይችላል፤ ለሚስቱ እንዴት እንደሚባል አልተማረም። ስለዚህ የሚችለውን መንገድ ይዞ መጣ።

"አውቃታለሁ" አልኩት።

"እንግዲያው ይንገሩልኝ። አርባ ዓመት ሲጣፍጠኝ ኖሯል ይበሉልኝ።"

"እነግራታለሁ" አልኩት፣ እያለቀስኩ።